በጤዛ ላይ ስለተሰለፉት በጎቻችን

ይህን የምትጽፈው ምራቴ ኤቢሴ ናት። ብዕሩን የያዘችው እሷ፣ ቃሉ ግን የእኔ የገመዳ ኢተፋ ነው።

ለተከበሩ የወረዳችን የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎም ደህና ናችሁ? ከሶደሬ በታች አዋሽ ዳር ያለነው ሰዎቹ ደህና ነን። ስለ በጎቹ ስላልጠየቁኝ እኔው ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። አምና ዶክተር ፎዚያን ልካችሁልን በግራሩ ጥላ ሥር ሰብስባን፣ የሆድ ትል እርጥብ ሣር ላይ እንደሚቆይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ በግ እንዳንለቅ፣ ኪኒን የዋጠ በግም ወደ ረግረጉ እንዳይመለስ አስተማረችን። እኔ ምክር ቶሎ የምቀበል ሰው አይደለሁም፤ የእሷን ግን ተቀበልሁ። በጎቼ ሰቡ። ቡሬ የምላት ዥጉርጉር በጌም መንታ ወለደች።

ሁለተኛ፣ ስለ ዘመቻው አመሰግናለሁ። ክረምቱ እንደገባ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የቀበሌውን በግ ሁሉ ወንዙ ዳር መስክ ላይ እንድናወጣ አዘዛችሁ። የትሉን ኪኒን እዚያው አስዋጣችሁ፤ እውነት ለመናገር ይህ ቁም ነገር ነበር። ከዚያ ግን ፎቶ አንሺው ከአዳማ እስኪደርስ፣ ቀጥሎም የእርስዎ ንግግር እስኪያልቅ፣ የአገሩ በግ ሁሉ በጠጡን ከነትሉ በጣለበት እርጥብ ሣር ላይ ሲግጥ አረፈደ። የእኔን ልመልስ ብነሣ መስመር አያበላሹ ተባልሁ። ዶክተር ፎዚያ ከኋላ ቆማ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ሦስተኛ፣ ይኸው መስከረም ጠብቶ የቡሬ መንጋጋ ሥር ውሃ ቋጥሮ ተንጠልጥሏል። የዓይኗን ቆብ ገልጬ ሳየው ውስጡ ነጭ ነው፤ ደም የለውም። ግልገሎቿ ጡቷን እየጎነተሉ የሚያገኙት የለም። ጎረቤቴ ጉዲቱማ የራሷን በጎች ቀብራ ጨርሳለች። በባጃጅ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ከወንበርዎ ሳይነሡ የመለሱልኝን ኤቢሴ እንዳለ ትጻፈው፦

«አባባ፣ በሪፖርታችን የእርስዎ በጎች ድነዋል። ለዳነ በግ ኪኒን አይሰጥም።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ምን ይደረግ፣ ቡሬ ሪፖርቱን አላነበበችም፤ እንደ እኔ ፊደል አልቆጠረችም።

እዚህ ላይ ኤቢሴ «በትሕትና እለምናለሁ» ብዬ ልጻፍ ብላኝ ነበር። አልለምንም። ዶክተር ፎዚያን መድኃኒት አስይዘው ነገ ይላኩልን፤ ቡሬ እስካሁን በእግሯ ቆማለች። የሚቀጥለውንም ዘመቻ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ዳገቱ ላይ ያድርጉት፤ ንግግርዎን እዚያም ሆነን እንሰማለን።

ትእዛዝዎን አክብሮ በጎቹን በጤዛ ያሰለፈ፣ አክብሮም የከሰረ፣ አሁንም ጤናዎን አጥብቆ የሚመኝ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳረፈ፣

ገመዳ ኢተፋ

ማስታወሻ፦ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ትልቅ ፎቶ፣ ከፊትዎ አንገቷን ደፍታ የምትታየው በግ እጅ እየነሣችዎ አይደለም። እየጋጠች ነው። ቡሬ ናት።

በይ ኤቢሴ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያለዘብሽው ቃል ካለ በድምፅሽ አውቀዋለሁ።