የጨሞጋ አሸዋ ውስጥ የተገኘው ጠገራ ብር

ጥር 14 ቀን 2006

ረቡዕ። ጠዋት ለእናቴ ምስር ለቀምኩላት። ከዚያ ማሽኑን ይዤ ወደ ጨሞጋ ወረድኩ። ምስማር፣ የተሰበረ ማጭድ፣ የቢራ ቆርኪ... ቆርኪ እንደሆነ በሽ ነው። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አሁንም ይስቁብኛል። «ጥሩብርሃን ወንዙን ራጅ እያነሳችው ነው!»

ይሳቁ። ይህን የብረት መፈለጊያ ከአሶሳ ወርቅ ሜዳ ድረስ ተሸክሜ የመጣሁት ለቆርኪ አይደለም። ለቆፋሪዎች ወጥ እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ያፈሰስኩበት ዕቃ ነው። ወርቅ ፍለጋም አይደለም።

ለምን እንደሆነ እናቴ እንኳ አልጠየቀችኝም። ታውቃለች መሰለኝ።

ጥር 17

ታረቀኝ ከማርቆስ ገበያ ሲመለስ አሸዋው ላይ አገኘኝ። በቅሎ ላይ ነው። ጥላ ይዟል። አርጅቷል... ግን ጎኑ ሞልቶ፣ ጋቢው ነጥቶ።

«የሙላት ልጅ፣ ጨሞጋ ውስጥ ወርቅ አለ ያለሽ ማነው?»

«እስቲ እያየሁ ነው፣ አያ ታረቀኝ። እንዴት ዋሉ?»

«አባትሽም መቆፈር ይወድ ነበር» አለኝና በቅሎውን ኮረኮራት።

መቆፈር ይወድ ነበር!  በአፌ እርስዎ አልኩት። እዚህ ግን አልልህም። አንተ ሽማግሌ... ቆይ ብቻ።

ጥር 21

ማርያም ናት፣ ወንዝ አልወረድኩም። እናቴም ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ ተመለሰች። ወደ ውስጥ ከገባች ስንት ዘመኗ!

የሆነውን ልጻፈው። እንዳይለዝብብኝ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ወታደሩ እየተበተነ በየመንደሩ ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ያለውን ቀበረ። ታረቀኝም ከአባቱ የወረሰውን ጠገራ ብር በገንቦ አድርጎ ወንዙ ዳር፣ ከሾላው ሥር ቀበረ። አብሮት የቆፈረው አባቴ ነው። ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። አበልጅ ነበሩ። የታረቀኝ ሚስት የብርጓል የክርስትና እናቴ ናት፤ ከልጆቿ አትለየኝም ነበር።

አገር ተረጋጋና ሊያወጣው ሄደ። ገንቦው የለም። «ከሙላት በቀር ማን ያውቃል?» አለ። ሌባውን ለማወቅ አውጫጭኝ ተጠራ። አባቴ በሚካኤል ፊት ማለ። ታረቀኝ በቃኝ አላለም፣ አስገዘተው። ያኔ የነበሩት ቄስ «እሳት የሰጠው፣ ውሃ ያቀበለው የተገዘተ ይሁን» አሉ። በቃ። ከማኅበር ወጣ። ሰላምታ ቀረበት። እኔን ያጨኝ ቤት ጥሎሹን አስመለሰ። አባቴ ሲሞት እዚህ መቃብር ተከለከለ። የእህቱ ልጆች ከአማኑኤል መጥተው በቃሬዛ ወሰዱት፣ እዚያ ቀበርነው። ከዚህ መንደር አንድ ሰው አልተከተለንም። ታረቀኝ በሩ ላይ ቆሞ ስናልፍ አየን። ነጠላውን እንኳ አላዘቀዘቀም።

አባቴ አልሰረቀም። ታዲያ ብሩ የት ገባ? ወርቅ ሜዳ ሳለሁ ነው የገባኝ። ክረምት ሲወጣ ቆፋሪው ሁሉ ወደ ታችኛው አሸዋ ይሮጣል፤ ጎርፍ ከላይ ያጠበውን እዚያ ይጥለዋላ። ሾላውስ ዛሬ የት አለ? ገደሉ ተንዶ ከነሥሩ ሄዷል። ገንቦ ይሰበራል። ብር ግን አይበሰብስም... የሆነ ቦታ ተኝቷል።

ጥር 25

ምንም። ባትሪው አለቀ። ማርቆስ ወጥቼ ቻርጅ ላስደርግ።

ጥር 28

አገኘሁት።

አገኘሁት። 

ወንዙ ከሚታጠፍበት በታች ነው። ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ሜዳ ሆኗል። ማሽኑ ጮኸ። የቆርኪ ድምፅ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ለምጄዋለሁ። ይሄ ሙሉ ድምፅ ነበር። በእጄ ቆፈርኩ። ውሃ እየሞላብኝ... ጥቁር ክብ ነገር ወጣ። በቀሚሴ ጫፍ አሸሁት። ደረተ ሙሏ ንግሥት ብቅ አለች። ጠገራ ብር!

ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። የገንቦ ስባሪ። አንዱ ብር ለአንገት የሚንጠለጠልበት ጆሮ ተበይዶለታል።

እልል አላልኩም። የመጀመሪያው ሐሳቤ አባቴ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ታረቀኝ ነበር የመጣብኝ። ያዝኩህ! አልኩ ጮክ ብዬ። አጣቢዎቹ ዞር አሉ።

ጥር 29

ለእናቴ አሳየኋት። መሐረቡን ፈትቼ እግሯ ሥር አኖርኩላት። አልነካችውም።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው።»

«ይህችን ለምታህል ነገር...» ከዚያ አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ «መልሰሽ ወንዝ ጣይው፣ ልጄ» አለች። «የሙላት ስም ዳግም አይነሣ። እኔም ለምጄዋለሁ።»

«እኔ አልለመድኩትም።»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

ምን ላደርገው ነው? ታረቀኝ እንደ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ማየት ነው የምፈልገው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የካቲት 1

ቅዳሜ ገበያ። የብርጓል ቅቤ ይዛ ተቀምጣለች። እንደሚገዛ ሰው አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ጆሮ ያለውን ብር መዳፏ ላይ አኖርኩት።

«ክርስትና እናቴ፣ ይህን ያውቁታል?»

መዳፏን ጨበጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የድሪዬ ነው። ለሠርጌ አባቴ ያስበየደልኝ። ከሌላው ብር ጋር ገንቦው ውስጥ ነበር... ከየት አመጣሽው?»

«ከወንዙ።»

ቅቤ ገዢ መጣ። የለም ብላ መለሰችው። ቅቤው ፊቷ ተቀምጦ!

«ጥሩዬ... እሱ ያውቃል።»

«ምን ያውቃል?»

«ወንዙ እንደወሰደው። ውሃው ገደሉን ከሥር ቦርቡሮት ገንቦው ወደ ታች ሰምጦ ኖሯል፤ ገደሉ የተናደ ጊዜ ከናዳው ውስጥ ጥቂት ለቅሞ መጣ። ‹ዝም በይ፣ አሁን ምን ብለን እንነሣለን? አገር ይስቅብናል› አለኝ።»

«አባቴ ያኔ ሞቶ ነበር?»

ቅቤውን በቅጠል ሸፈነች።

«ሞቶ ነበር ወይ?»

«ቆሞ ይሄድ ነበር» አለች።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

የካቲት 4

ሥራ አልሠራሁም። ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ ተሳስቷል ብዬ ነበር የምጠላው። አባቴ ውሃ ለመቅዳት ሰው እስኪጠፋ ቁጥቋጦ ሥር ሲጠብቅ... ያውቅ ነበር። ቃሬዛው በበሩ ሲያልፍ ያውቅ ነበር! ምክንያቱ ደግሞ? እንዳይሳቅበት።

የታረቀኝ የጤፍ ክምር ገና አልተወቃም፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። የሚፈልገው አንድ ክብሪት ነው። ሳስበው ዋልኩ። እውነቴን ነው፣ ክብሪቱንም ይዤ ነበር።

ግን ከተቃጠለ ሰው ያዝንለታል። እህል ያዋጣለታል። ማንም እንዲያዝንለት አልፈልግም።

የካቲት 9

አባ ገብረ ሚካኤልን አነጋገርኩ። የዛሬው የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ግዝቱ ሲነገር ዲያቆን ነበሩ፣ ጧፍ ይዘው ቆመው ነበር። አልካዱም።

ብሩን አንድ በአንድ እያነሡ አዩት። «ሁዳዴ ሊገባ ነው። ቤት ውስጥ፣ በሽማግሌ እንጨርሰው፣ ልጄ። ሽማግሌ ነው፣ አታዋርጅው።»

«አባ፣ አባቴ የተዋረደው ቤት ውስጥ ነው?»

መስቀላቸውን አገላበጡ።

«የት ይሁን ትያለሽ?»

«የተገዘተበት ቦታ። ያኔ የሰማ ሁሉ ይስማ።»

የሚቀጥለው እሑድ፣ የቅበላው ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ስለ የብርጓል አልነገርኳቸውም። እሷን ለምስክር መጥራት... ትመጣለች ብዬም አላምን። ባሏ ነው።

የካቲት 15

ነገ። ምን ብዬ ልጀምር? ለላሟ ስናገር ዋልኩ።

የካቲት 16

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፍ።

ሰው ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ታረቀኝ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ለምን እንደተጠራ አያውቅም። ቆምኩ። የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። መሐረቡን ፈትቼ ብሩን መሬት ላይ ዘረገፍኩት።

«አባቴ ሰረቀው የተባለው ይኸው። ወንዝ ወስዶት ነው። አሸዋ ውስጥ አገኘሁት።»

በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። አየው... አየው... እስኪወድቅ ጠበቅኩ። እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ!

«ተመስገን ሚካኤል! አያችሁ? ሙላት ወንዙ ዳር ሸሽጎት ኖሯል! ለልጁ ቦታውን ነግሯት ሞተ። ማሽን ምናምን እያለች የምትዞረው ለማስመሰል ነው። አውቃው ነው ያወጣችው!»

ሰው አጉረመረመ። «እንዲያም ይሆናል» ያለ ሰው ሰማሁ። በጆሮዬ!  በገዛ እጄ አባቴን ዳግመኛ አስገዘትኩት? እናቴን ፈለግኩ። ከበሩ ውጭ ናት፣ አልገባችም። እንኳንም አልገባች አልኩ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሐል የብርጓል ተነሣች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ እየፈታች መጣች። ጥቂት ብር ነው። በእኔ ብር ላይ ጣለችው።

«ይህንንስ ሙላት ነው የሸሸገው? አንተ አይደለህም ከናዳው ለቅመህ ያመጣኸው? ሙላት በሕይወቱ ሳለ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!»

«ዝም ብያለሁ። ዝም እንዳልኩ አረጀሁ።»

 አባ ገብረ ሚካኤል «ታረቀኝ፣ እውነት ነው?» አሉት። መሬት መሬት አየ። ደግመው ጠየቁት።

«አፈርኩ... ካስገዘትኩት በኋላ ምን ብዬ ልናገር?»

በቃ ይህ ነው። አባቴን የገደለው ይህ ነው።

ግዝቱ እዚያው ተፈታ። «ምን ይካስሽ?» አሉኝ።

«አባቴን አምጡልኝ። አጽሙ ከአማኑኤል ይምጣ። የዕርቅ ድንጋይ ተሸክሞ ከፊት የሚሄደው እሱ ይሁን።»

ታረቀኝ አልተከራከረም። ከዘራውን ወደ ብሩ ቀስሮ «ይህን ለሚካኤል ሰጥቻለሁ» አለ። አንዳንዶቹ «እሰይ» ሊሉ ሲሉ አቋረጥኳቸው።

«አይሆንም። ሰጪ ተብለው ሊመረቁበት ነው? ቤትዎ ይውሰዱት። ከራስጌዎ ያኑሩት። ሁልጊዜ ይዩት።»

አባ ገብረ ሚካኤል ገሠጹኝ። ግን አልተቀበሉትም። በጋቢው ጫፍ እየለቀመ ቋጠረው። ሲያጎነብስ ወገቡን ያመዋል። አየሁት። እስኪጨርስ አየሁት።

የካቲት 18

የብርጓል ጓዟን ቋጥራ መጣች። አባሯታል። ደጀን ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ መኪና እስክታገኝ እኛ ቤት ተቀመጠች።

«እርስዎም ያውቁ ነበር» አልኳት።

«አውቅ ነበር።»

ምንም አልጨመረችም። ይቅርታም አልጠየቀችኝ። እናቴ ከጎኗ አስቀመጠቻትና ሽንኩርት ሰጠቻት፣ አብረው ላጡ። ያን ያህል ዓመት ያልተነጋገሩ ሴቶች ስለ ሽንኩርት ውድነት ያወራሉ! እኔ አልቻልኩም። ስትሄድ ግን እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲነሣ እጇን አወጣች። ሳምኩት። ለምን ሳምኩት? እንጃ።

መጋቢት 7

አባቴ መጣ።

አጽሙን በአይሱዙ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በትከሻ። ያኔ ያልተከተለው መንደር ሁሉ ወጥቷል። ተሸካሚው ተሻማ። ዛሬ ምን ያደርግልኛል? ብዬ ተናደድኩ... ደግሞ አለቀስኩ።

ታረቀኝ ከፊት፣ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ። ባዶ እግሩን ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ጣሉት» ብዬ ማውረድ የእኔ ነው። ዝም አልኩ። ተነሣ። እንደገና ወደቀ። አባ ገብረ ሚካኤል «ጥሩብርሃን!» አሉ። ዝም አልኩ።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ደርሶ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ» አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጣለው፣ ታረቀኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ድንጋዩ ሲወድቅ መሬቱ ተሰማኝ። ከእኔ ደግሞ ጠበቁ። አንገቴን እሺ በሚል ነቀነቅኩ። ከዚያ በላይ አልወጣኝም።

መጋቢት 21

እሑድ። ማርያም። እናቴ ቀሚሷን አጥባ፣ ራሷን ተሠርታ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ከፊት ቆመች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። ለማርያም ማኅበር ደግሞ ደጋሽ ሊያደርጓት ነው፤ ከአሁኑ ስለ ጌሾ ትጨነቃለች። ድምፅዋ ከፍ ብሏል። እናቴ እንዲህ ትጮህ ነበር እንዴ?

ማሽኑን ለአንድ የማርቆስ ሰው ሸጥኩት። ወንዝ መውረድ ትቻለሁ።

ቅዳሴ ወጥቶ ስንመለስ ታረቀኝ በሩ አጠገብ ግንቡ ላይ ተቀምጧል። ብቻውን ነው። ማንም አልገዘተውም፤ ሰው ዝም ብሎ ራቅ ራቅ ይላል። ሳልፍ አየኝ። ከዘራውን ፈለገ፣ ግንቡን ያዘ፣ እየተንገዳገደ ተነሣልኝ።

«ኖር» አለኝ። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ለእኔ።

በእግዜር፣ ይቀመጡ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴም ክንዴን ጎተተችኝ።

አላልኩም። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ፣ እኔ ቀስ ብዬ አለፍኩ። በጣም ቀስ ብዬ።

ማርያም ይቅር ትበለኝ... ደስ አለኝ።