ወደ ምዝገባ፣ በለቅሶ ልብስ

ሰኞ

ዛሬም መኪና የለም። ከልጄ ከትዕግስት ጋር ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ደርሰን ሁለት ጊዜ ተመለስን። የጅማን መንገድ ከከተማችን ከሰበታ ወዲያ መንግሥትን የሚቃወሙ ወጣቶች በድንጋይና በግንድ ዘግተውታል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምዝገባዋ ዓርብ ያበቃል። መንግሥት ትምህርቷን፣ ምግቧን፣ መኝታዋን ችሎ ያስተምራታል፤ የእሷን ድርሻ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። ዓርብ ካለፈ ግን ቦታው ይሰረዛል ተብሏል። የግል ኮሌጅ ላስገባት? በምን አቅሜ? የምሠራበት ፋብሪካ እንኳ ጎረቤቱ ያለው ፋብሪካ ከተቃጠለ ጀምሮ "ቤታችሁ ጠብቁ" ብሎናል።

ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ በሶ፣ የሟች እናቷ ፎቶ። ባለፍኩ ቁጥር እግሬን ይመታኛል። አላነሳሁትም።

ማክሰኞ

ኢንተርኔት የለም። ቀኑ ይራዘም አይራዘም ማወቂያ አጣሁ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብሄድ ያገኘሁት ዘበኛውን ነው። "ሁሉም ቤቱ ነው ያለው ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ" አለኝ።

ስመለስ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። "እንግዲህ የእኔን መሬት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሊወስድ የነበረ መንግሥት የአንተን ልጅ ሊቀልብ ነው!" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አፈረ መሰለኝ፤ "ኧረ ቀልዴን ነው ደምሴ። ትዕግስት የእኔም ልጅ ናት" አለ።

የእሱ ልጅ መንገድ ከዘጉት ጋር ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ቤት አልገባም። እኔ ልጄ እንድትሄድ እጸልያለሁ፣ እሱ ልጁ እንዲመለስ። እግዚአብሔር የማንኛችንን ቀድሞ ይሰማል? እንዲህ ብሎ መጠየቅም ኃጢአት ይሆናል። ጽፌዋለሁ፣ ይቆይ።

ረቡዕ

የገመቹ ሚስት አዴ ጫልቱ መላ አመጣች። የተወለደችው በዚሁ በጅማ መንገድ፣ ተጂ ነው። ከተጂ ወዲያ አውቶቡስ አለ ይባላል። እስከዚያ ያለውን በጋሪ እናልፋለን አለች፤ መንገድ የዘጉት ልጆች ለቀስተኛ ያሳልፋሉ፣ ሐዘን አይከለክሉም። እሷና ትዕግስት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይሄዳሉ።

"ማን ሞተ ልትሉ ነው?" አልኳት።

"በዚህ ሰሞን የሞተ ሰው ይጠፋል ብለው ነው ጋሼ?"



እኔም ልሂድ ስል፣ "ወንድ ካለ ይፈትሻሉ። እነሱም፣ ወታደሩም" አለችኝ።

ነገሩን አልወደድኩትም። ማንም ሳይሞት ሐዘን መልበስ ሞትን በስሙ መጥራት ነው የሚመስለኝ። ውሸትም ነው። ነገ ለጸሎት ስቆም ምን ልል ነው? ደግሞ ራሴን ስመረምር፣ የፈራሁት ውሸቱን ነው ወይስ ባዶ ቤት መቅረቴን? አልለይ አለኝ።

ትዕግስት "አባዬ፣ አትሂጂ ካልከኝ እቀራለሁ" አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ሂጂ" አልኳት።

ሐሙስ

ሄደች።

የእናቷን ጥቁር ቀሚስ አጠበበችና ለበሰችው። ለቀስተኛ ሻንጣ አይዝም፤ ስለዚህ ሻንጣው ቀረ። ብርድ ልብሱም፣ በሶውም። የትምህርት ማስረጃዋን በላስቲክ ጠቅልላ ከቀሚሷ ሥር አሰረችው። ፎቶውን ጡቷ ሥር ወሸቀች።

ጫልቱ "ማልቀስ ትችያለሽ ግን?" ብላ ጠየቀቻት። ትዕግስት ሳቀችና "አክተር አደረግሽኝ እኮ!" አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና እውነተኛውን ለቅሶ ለቀቀችው። ጫልቱም አብራ። ባለጋሪው ግራ ገብቶት ኮፍያውን አወለቀ።

እጄን ራሷ ላይ አድርጌ መረቅኳት። መሐል ላይ ጠፋብኝ፤ አባታችን ሆይን ደገምኩላት።

ባለጋሪው ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። መንገዱ የተዘጋበትን የመጀመሪያውን ቦታ በደህና አልፈዋል፣ ልጆቹ "ነፍስ ይማር" ብለዋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ካለው ድልድይ ጋ ጋሪ አያልፍም ተብሎ በእግር ቀጥለዋል። ሌላ የሚያውቀው የለም። ስልኳ ላይ ስደውል ዝግ ነው ይላል።

ዓርብ

ጠዋት በር ተንኳኳ። ከእሷ የመጣ መልእክት መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። የዕድራችን ሰዎች ናቸው። ድንኳን ተሸክመዋል፣ አግዳሚ ወንበርም። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ተሰማ ዕንባ አቅርሮ ከፊት ቆሟል።

"ልጅህ ነጠላ ዘቅዝቃ ስትሄድ ታይታለች" አለኝ። "ዕድር እያለህ ብቻህን ታዝናለህ ደምሴ? ምን በደልንህ?"

"ማንም አልሞተም" አልኩ።

ድንኳኑን እንደተሸከሙ ቆሙ። ነገርኳቸው፤ ምዝገባውን፣ ጋሪውን፣ ድልድዩን፣ ውሸቱን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ከኋላ አንዱ "ሊመዘገብ የሞተ ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ" አለና ጥቂቶቹ ሳቁ።

ጋሽ ተሰማ አልሳቀም። "ታዲያ ደረሰች?" አለኝ።

"አላውቅም።"

ይህችን ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ድንኳኑን መልሱ" አለ። "ወንበሮቹ ይቅሩ።"

ግቢ ውስጥ ደርድረው ተቀመጡ። ገመቹም ሰምቶ መጣ፤ የእሱንም ልጅ ወሬ ማንም አልሰማም። አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ጤፍ ተወራ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲጮህ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የፋብሪካው አለቃ ነው፤ ሰኞም እንዳትመጣ ሊለኝ።

ይህን የምጽፈው ጓዳ ገብቼ ነው። በመስኮት ያዩኛል። የመንግሥት የሥራ ሰዓት አለቀ። ወይ ተመዝግባለች ወይ አልተመዘገበችም፤ ከዚህ ወዲያ የምለምነው ምዝገባውን ሳይሆን እሷን ብቻ ነው። ስልኳ አሁንም ዝግ ነው። ከሰዎቹ ግን አንድም አልተነሣም።