የሰባት ቁጥር ፎልደሮች

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

መዝገብ ቤት ዋልኩ። የጠፋ ፋይል የለም። አለቃዬ "አንቺ ባትኖሪ ይሄ ቢሮ ራሱ ይጠፋ ነበር" አለ። ምስጋና መሆኑ ነው መሰለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ጓዙን ጠቅልሎ ቤት ከገባ ሳምንቱ። ለምን እንደተመለሰ አልጠየቅኩትም። አልተጣላንም፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ካወራን ዓመታት ሆነን። ቀልጣፋው ነው የምንለው፤ ጫማውን ለማሰር ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅበት።

አባባ ከዓይን ሐኪም መጣ። ሐኪሙ ምን አለህ አልኩት። "እየደከመ ይሄዳል አለኝ" ብሎ ወሬ ቀየረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰባት ቁጥር አውቶቡስ የነዳ ሰው... ኋላ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። የሚያይበት የቀረው ወራት ነው አለኝ፣ ምናልባትም ያነሰ።

ጥቅምት 6

ቀልጣፋው ሐሳብ አመጣ። አውቶቡስ የሚነዳበት ጌም አለው። በተሠራው ጌም ላይ የራስን መንገድ፣ የራስን መኪና መጨመር ይቻላል፤ ሞድ ይሉታል። ሰባት ቁጥርን ከነመንገዷ ሠርተን አባባ ዓይኑ ሳይጠፋ አንዴ ቢነዳትስ?

ለጌም ግድ የለኝም። ግን እሺ አልኩ። እሺ ስለው ደነገጠ።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

መንገዱን ከጫፍ ጫፍ በእግር ሄድን። አሥራ አራት ፌርማታ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ድልድዩ ጋ ያለውን ጉድጓድ ሳይቀር ፎቶ አነሣሁ። አውቶቡስ ማደሪያው ዘበኛ አባባን ያውቀው ኖሮ አሮጌዋን መኪና አስነሥቶ ድምፅ አስቀዳን፤ ሞተሩን፣ በሩ ሲከፈት የሚለውን ጭስስ...

ማታ ፎልደር ከፈትን። ጥሬው ፎቶ ለብቻ። ተስተካክሎ ያለቀው ለብቻ። ድምፅ ለብቻ። እዚህ ላይ እንኳ እኔን የሚስተካከል የለም።

ጥቅምት 16

አባባን አስቀምጠን አሳየነው። የጎማ ቤቱ በር ሰማያዊ ነው ስንለው፣ በእኔ ጊዜ አረንጓዴ ነበር አለ። ቀየርንለት። አሁንስ? "ልክ ነው፣ ራሱ ነው" አለ። ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ነው ያለው። ደስ አለኝ። ቀልጣፋው በደስታ ወንበሩ ላይ ዞረ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ምን ነካኝ?

ከቀትር በኋላ ፈቃድ ነበረኝ። ቀልጣፋው የለም። ያለቀውን ፎልደር ከፈትኩት... ጉድ ነው። አራት መቶ ፋይል፣ ስሙ "ግ3 አዲስ"፣ "ግ3 አዲስ አዲሱ"። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱም ውስጥ ፎልደር። እጄን በላኝ። እንደ ቢሮዬ ቁጥር ሰጠሁ፣ ስም ቀየርኩ፣ ግድግዳን ከግድግዳ ጋር አዛወርኩ። ሁለት ሁለት ሆኖ ያገኘሁትን አንዱን ሰረዝኩ። የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም አራገፍኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ኮርቼ ጠበቅኩት።

ጌሙን ሲከፍተው መንገዱ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አውቶቡሷ ጎማ የላትም።

ለካ ጌሙ እያንዳንዱን ነገር የሚፈልገው በተሰጠው ስምና በተቀመጠበት ቦታ ነው። ስሙ ከተቀየረ የለም ብሎ ያልፈዋል። ሁለት የመሰለኝም ሁለት አልነበረም፤ አንዱ ጥሬው፣ አንዱ ያለቀው ነበር፣ ቀልጣፋው አንድ ላይ አቀላቅሎት። ሌላ ኮፒ? የለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ሳልቸኩል ነው ያፈሰስኩት።

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "የአባባን ቀን ነው የወሰድሽበት እትዬ" ብሎ ወጣ።

ጥቅምት 24

ቀልጣፋው አያናግረኝም። አባባ ከበረንዳ፣ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ አለ። ሥራ በዝቶ ነው አልኩት። አፈርኩ።

ጥቅምት 26

ደብተር ገዛሁ። ጌሙ የሚፈልገውን ስም በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ በግራ በኩል ጻፍኩ። በቀኝ ምን እንደነበረ። ቀልጣፋው ቆሞ አየኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ግ3 ማለት የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ነው" አለ። ሌላ አልተነጋገርንም። ግን ተቀመጠ።

ኅዳር 3

ስድሳ አንድ ግድግዳ ተመለሰ። የሰረዝኩትን እሁድ ሄጄ እንደገና ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ግድግዳችን ላይ ወረቀት ለጠፍን፦ ጥሬው አይነካም። ጌሙ የሚያውቀው ስም አይቀየርም። ሥራ ሲያልቅ ኮፒ፣ እሱም ፍላሽ ላይ።

ዛሬ ለምን ቤት እንደተመለሰ ነገረኝ። ሊያገባት ካሰባት ልጅ ጋር ተለያይቷል። ሻይ ቀዳሁለት። እሱ መልሶ ስለ እኔ ጠየቀኝ... ሰው ስለ እኔ ከጠየቀ ስንት ጊዜው ነው?

ኅዳር 9

አለቀ። ግን አባባ ዛሬ ኩባያውን ለማግኘት ጠረጴዛውን ዳበሰ። ዘገየን? እኔ አዘገየሁት?

ኅዳር 15፣ እሁድ

ከሰው የጌም መሪ ተውሰን ጠረጴዛው ላይ አሰርነው። አባባ ተቀመጠ። ሞተሩ ሲነሣ ፈገግ አለ። ነዳ፤ ወዲያው እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ጎማ ቤቱ ውስጥ ገባ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። እጁን ከመሪው አነሣ።

"አይታየኝም" አለ። "መሐሉ ከጠፋብኝ ቆየ። ዳር ዳሩን ነው የማየው፣ በሱ ነው የምሄደው።"

ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ከመጀመሪያውም አለ።

አላስቻለኝም፣ አለቀስኩ። ፎልደሩን እኔ እንዳበላሸሁት፣ ሦስት ሳምንት እንደወሰድኩበት ነገርኩት። "ያኔም አይታየኝም ነበር ልጄ። ተይው" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ልክ ነው ትለን ነበር?" አለ ቀልጣፋው።

"ሁለታችሁ ስታወሩ እሰማችሁ ነበራ። ብነግራችሁ የምትተዉት መሰለኝ።"

አባባ ተነሣና በወንበሩ እኔን አስቀመጠኝ። በይ ንጂ አለ። እኔ? ብስክሌት እንኳ ነድቼ የማላውቀው? እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። አሁን ግራ። አሁን ቀስ፣ ጉድጓዱ ጋ ደርሰሻል። ድልድዩን በድምፁ ብቻ አወቀው። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሳልቆም ላልፍ ስል ትከሻዬን ጨበጠኝ።

"ወዴት ነው? እዚህ ሰው ይጫናል።"

ሰው የለም አባባ፣ ሰው አልሠራንም አልኩት። በሩን ክፈቺ አለ። ከፈትኩ። ማን ማን እንደሚሳፈር ይነግረን ጀመር። ትንፋሽ ያጠራት ነርስ። ጋዜጣ አንባቢው፣ ሁልጊዜ የተሳሳተ ፌርማታ የሚወርደው። መንታዎቹ አናጢዎች።

ቀልጣፋው አዲስ ፎልደር ከፈተ። "ሰዎች" አልነው። አሁን ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አባባ ገና አምስተኛው ፌርማታ ላይ ነው።