ሳንጣላ የታረቅንበት እሑድ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያልሽ በሰው ፊት ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ? ወንዛዬ ፍል ውኃ ግቢ ያልኩሽንስ ሰማሽኝ? ላሚቱስ ወለደች? እኛ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ከጉና ከሚወርደው ብርድ በቀር የሚያሰጋን የለም። የልጅ ልጅሽ እመቤት ጥርስ አውጥታ የሁላችንንም ጣት ትነክሳለች።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሣሁት፣ በስልክ ገና በደንብ ሳንሰላለም ወይ ኔትወርኩ ወይ በሽተኛ ስለሚያቋርጠን ነው። ደግሞም የምነግርሽ ነገር እየሳቅሁ ጀምሬ እያለቀስሁ የጨረስሁት ነው።

እናትዬ፣ ትናንት እሑድ ሽማግሌ ተላከብን። እኔንና ባሌን ሊያስታርቁ! እኛ ደግሞ አልተጣላንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱአምላክ ቀን አስተምሮ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪዎች አሉት። የእኔ የነርስነት ተራ አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት ነው። ያገኘናት ሞግዚት ሁሉ ወር ሳትሞላ ባሕር ዳር ትገባለች። ስለዚህ እመቤትን ባጃጅ ተራው ጋ እንቀባበላታለን። እሱ ከባጃጅ ሲወርድ ልጅቷን እሰጠውና በዚያው ባጃጅ እሳፈራለሁ። «በልታለች፣ አልተኛችም፣ ትንሽ ያስላታል» ብዬው እንለያያለን። እኛ ሥራ ቦታ ተረኛ ለተረኛ በሽተኛ የሚያስረክበው ልክ እንዲህ ነው። ለቅሶ እንኳ በየተራ ነው የምንደርሰው፤ እሱ በቀብሩ፣ እኔ በሠልስቱ። ታዲያ የደብረ ታቦር ሰው ምን ይበል? ልጅ መንገድ ላይ ተቀባብለው ጀርባ የሚሰጣጡ ባልና ሚስት የተፋቱ እንጂ ሌላ ምን ናቸው? ጎረቤታችን እትዬ ደሳለች ወጥ በሳህን ሸፍነው ሲያመጡልኝ፣ ለካ አዝነውልኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው እላለሁ! ወሬው ሚኒባስ ተሳፍሮ የት ድረስ እንደሄደ እንጃ።

ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለታችንም ቤት ነበርን። በር ተንኳኳ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ማርያም፣ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ደግሞ፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው፣ የሐሙሲቱ ጎረቤትሽ አያ ባዩ! ግቡ ብንል፣ ተቀመጡ ብንል፣ የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ደጃፍ ላይ ቆሙ። አባ እርቅ ፈልገው እንደመጡ ሲናገሩ ሳቄ አመለጠኝ። አንዱአምላክም ሳቀ። አልተጣላንም ብንላቸው፣ የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይኸንኑ ነው አሉ አያ ባዩ። ምን እናድርግ? እሺ፣ እንታረቃለን አልን። ያኔ ተቀመጡልን።

አባ ዳዊታቸውን ለአንዱአምላክ ሰጥተው፣ እስቲ አንድ መዝሙር አንብብልንና እንጀምር አሉት። እጁን ኪሱ ከተተና መነጽር አውጥቶ አደረገ።

እናቴ፣ ባሌ መነጽር እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከፋሲካ ወዲህ አለኝ። አሁን ኅዳር ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ የሚያውቁትን እኔ፣ ያውም ነርሷ፣ አላየሁትም። ቤት ለምን አታደርገውም ሲሉት፣ እሱ ቤት ሲገባ እኔ ወይ ተኝቼ ወይ ወጥቼ እንደምቆየው፣ እሱም ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ጊዜ እንደሌለው ነገራቸው። ታዲያ ቅሬታህ ምንድን ነው አሉት አባ። ቅሬታ የለኝም፣ ስለ ልጃችን ሁሉን ትነግረኛለች፣ ስለ ራሷ ግን ከሰማሁ ቆይቻለሁ አለ። እኔም ልመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ለካ ናፍቆኛል። አብሬው እየኖርሁ!

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ልጅ መንገድ ላይ አትሰጣጡ፤ ቤት ገብታችሁ፣ ተቀምጣችሁ ተቀባበሉ፤ ባጃጁ ይጠብቅ፤ ለቅሶም አብራችሁ ድረሱ ብለው ፈረዱብን። ጉልበታቸውን ሳምን፤ እኛም ተሳሳምን። አንድ ክሊኒክ እሑድ እሑድ እንድሠራለት ጠይቆኝ ኑሮው ስለከበደን እሺ ልል ነበር። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አልችልም አልኳቸው። እንዴት እንደምንኖር እንጃ፤ እናያለን።

አያ ባዩ እኛው ጋ አደሩ። ላኪያቸውን ለማወቅ ሆዴን ሲበላኝ አመሸ። የዚህ ሰፈር ሰው ቢሆን ሐሙሲት ድረስ ማን ይጠራቸዋል? እራት ላይ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌ ላኪውን አያወጣም አሉኝ። ጥቂት ጎርሰው ግን ራሳቸው ጀመሩት። የላካቸው ሰው፣ የራሱ ትዳር እንዲህ ሲሆን አገሩ ሁሉ ሥራ ነው፣ ሥራ ነው እያለ፣ አንድ እንኳ ሽማግሌ ደጁን ሳይረግጥ ቀረ ብሏቸዋል። ከዚህ ሌላ አልጨመሩም።

እናትዬ፣ አባዬ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ መጀመሪያ በየበዓሉ ሲመጣ፣ በኋላ ለፋሲካ ብቻ ሲመጣ፣ በመጨረሻም ሲቀር፣ የት ነው ስንልሽ ሥራ ላይ ነው ትይን ነበር። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እስከዛሬ ያንኑ ስመልስ ኖሬአለሁ። ግን ያኔ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ደጃችን ቢቆም ኖሮ ምን ትይው ነበር? ለማወቅ ጓጉቼ ነው እንጂ፣ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ።

አያ ባዩ የድንች ዘር ሊገዙ ገበያ ወጥተዋል፤ ሲመለሱ ይህን ወረቀት ይይዙልኛል። የላከዎትን ሰው ጉልበት በእኔ ስም ይሳሙልኝ ብያቸው ቃል ሰጥተውኛል። እንግዲህ ድንቹን ቤታቸው ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ አንቺ ቢመጡ አትደንግጪ።

እመብርሃን ዕድሜ ከጤና ጋር ትስጥልኝ። እግዜር ደጅሽን ሰው አያሳጣው።

ልጅሽ