ለሜሮን ያልተረጎምኩላት

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጅጅጋ

ዛሬ ነፋሱ አቧራ አስነስቶ ከቤት አላስወጣንም። ከእህቴ ከሜሮን ጋር አልጋ ላይ ተቀምጠን በስልኬ የኮሪያ ፊልም አየን። ሜሮን ጆሮዋ አይሰማም፤ በምልክት ቋንቋ የሚዋደዱ ልጆች ታሪክ ነው ስላት በጣም ጓጓች። የእነሱ ምልክት ግን ከእኛ ጋር አይገናኝም፤ ከታች የሚጻፈውም እንግሊዝኛ ነው። እንደ ሁልጊዜው እኔ በእጄ ተረጎምኩላት። እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚያናግራት የለም፤ እማዬ «ብዪ» እና «ነይ» ከማለት አታልፍም። አንዳንዴ እጆቼ የራሴ አይመስሉኝም።

መጨረሻው አካባቢ መስማት የተሳነው ልጅ እያለቀሰ ፍቅረኛውን «ለእኔ ብለሽ አትቅሪ፣ ሂጂ» አላት። እጄ እምቢ አለኝ። ሐረር ሥራ ማግኘቴን ከሜሮን ከደበቅኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።

«ራበኝ ነው የሚላት» አልኳት።

የልጁን ፊት አየች፤ ከዚያ የእኔን።

«ሰው ርቦት እንዲህ አያለቅስም» አለችኝ በእጇ። ቀጠለችና «ሐረር መቼ ነው የምትሄጂው?»

የቅጥር ደብዳቤው ፍራሹ ስር ነው። አልጋውን የምታነጥፈው ደግሞ እሷ ናት።

መልሴን ፍለጋ እጆቼን ታያለች። ሻርፔ ውስጥ ደበቅኳቸው።