የሚዘለው ቦታ

ጥቅምት 4

ከሥራ መልስ ሸክላ ገዛሁ። ያው ዓለም ያበደለት የሮክ ባንድ፣ ያው አልበም… ሠላሳ ሰባተኛው። የአንዱ እትም መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቀይ፣ የሌላው አረንጓዴ። እህቴ መደርደሪያውን አይታ፣ "ዘፈኑ እስካሁን አልገባህም እንዴ?" አለች።

ሻጩ የመጀመሪያውን እትም የማሳድድ ይመስለዋል። ይምሰለው። ሰው ሁሉ ያልተጫረ ይፈልጋል፤ እኔ የተጫረውን። የወንድሜን። በሞተ ዓመት ቤት ስንለቅ ከዕቃው ጋር የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሳላት ብስክሌት አለች። ሁለተኛው ፊት፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ መርፌው ይዘላል። ሲገዛውም እንደዚያው ነበር። ሽፋን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ገዝቼ አጫውታለሁ።

የዛሬው አልዘለለም።

ጥቅምት 11

እማዬ ልብስ እያጣጠፈች ያንን ዘፈን አንጎራጎረች። ቃሉን አታውቀውም፣ ዜማውን ብቻ። መርፌው ይዘልበት የነበረው ቦታ ስትደርስ እሷም ትዘላለች… ሁልጊዜ። ዘፈኑ ሲሠራም እንደዚያ ይመስላት ይሆን?

ኅዳር 2

ምንም።

ኅዳር 19

ሻጩ ደወለ። "ጋሼ፣ ያቺ ያሉኝ ብስክሌት… ቶሎ ይምጡ።"

እሷው ናት። የኋላ ጎማዋ ዛሬም ሞላላ። ሸክላውን ሳወጣው ግን ያብረቀርቃል። አንድ ጭረት የለበትም።

"ይሄ የራሱ ነው?"

"የራሱማ እንዴት ተጭሮ ነበር መሰልዎት። ለእርስዎ ብዬ ንጹሕ አስገባሁበት።"

"የድሮውስ?"

"ጣልኩት። ማክሰኞ ቆሻሻ መኪናው ወሰደው።"

ደስ ብሎታል። ስድስት ዓመት ስመላለስ ስለ ብስክሌቷ ነገርኩት፣ ስለ ጭረቱ አልነገርኩትም። ለምን? የወንድሙን ዕቃ ሸጦ ጭረት የሚፈልግ ሰው… አፍሬ ነው። አመሰገንኩትና ወጣሁ።

ኅዳር 20

አጫወትኩት። እዚያ ቦታ ሲደርስ ወደ መርፌው ጎንበስ አልኩ። አልፎ ሄደ። መርፌው ይዘለው የነበረውን ስንኝ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ሰባት ሸክላ ላይ ሰምቼዋለሁ። ወንድሜ አንዴም ሳይሰማው ሞተ።

ታኅሣሥ 6

ሠላሳ ሰባቱን በካርቶን ለሻጩ መለስኩ። "ምን ነካዎት ጋሼ?" አለኝ።

ባለ ብስክሌቱን አስቀረሁ። እማዬ ልብስ ስታጣጥፍ ከፈትኩላት። ቦታው ሲደርስ፣ እንደ ድሮው እንዲዘል፣ መርፌውን በጣቴ ብድግ አድርጌ አሳለፍኩት። ዘገየሁ… ግማሽ ቃል አመለጠኝ። ወደ ኋላ መልሼ ልሞክር ስል፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ተወው ልጄ" አለች፣ "ይለፍ።"

እጄን አነሳሁ። ስንኙ መጣ። እሷ ግን እያንጎራጎረች ዘልላ ቀድማው ሄደች።