ቁልፉን አትፈልገው

ጉልቤው፣
የቫኗን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን አትገልብጥ፤ ይዤው ወጥቻለሁ። እናትህን ከሐኪም ቤት ለማምጣት ታክሲ ያዝ። ስኳር ዕቃው ውስጥ ብር አለ፣ የእኔ ነው።

ለፍሬን ማሠሪያ ብለህ የሰጠኸኝን ገንዘብ ፍሬኑ አላየውም። አልነሳ ላለችው ቫን ማስነሻ ሞተሪኖ ገዛሁበት። የማጥበው ልብስ በሰዓቱ ስለማይደርስ ደንበኞቼ ሸሽተውኝ አለቁ፤ በየጠዋቱ ጎረቤት ለምኖ ማስገፋቱም መረረኝ። አንተ እንደሆንክ መሪ ከመያዝ በቀር አንድ ቀን ወርደህ ገፍተህ አታውቅም።
ተወው።

"ፍሬኑ ተሠራ?" ስትለኝ "እንደ አዲስ" ያልኩህ እኔ ነኝ። ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። ያቆመኝ የግንበኞቹ የአሸዋ ክምር ነው።

ቫኗ አልነሳም ስትል ማንንም አትጎዳም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ቁልፉን ባዞረው ባንዴ ተነሳች። እማማን አጠገብህ አስቀምጠህ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ ታየኝ።

ልብሱን በጀርባዬ ተሸክሜ በእግሬ ሄጃለሁ።
ለእማማ ቤንዚን አልቆ ነው በላቸው። እኔስ ውሸቱ ይብቃኝ።